በማርቆስ ድምፅ

ኮረብታዋ ስም አልነበራትም። ካርታ ላይ ቁጥር ነበራት፤ እኛ ግን አናቷ ላይ አንዲት ቁጥቋጦ ስላልነበረች ራሰ በራዋ እንላት ነበር። አርባ ቀን ያዝናት። በአርባ አንደኛው ቀን ለቀቅናት። ስለ አርባው ቀን የሚያወራላችሁ ሰው አታጡም። እኔ የማወራው ስለ መልቀቁ ነው።

እዚህ ጆሃንስበርግ የተወለዳችሁ ልጆች፣ አባቶቻችሁ ስለ ጦር ሜዳ ሲያወሩ ሰምታችሁ ከሆነ ጦሩ ሁልጊዜ ወደ ፊት ሲሄድ ነው የሰማችሁት። እንደ ወሬው ቢሆን ያ ጦር ይኼኔ ምድርን ዞሮ ከኋላችን ደርሶ ነበር። እኔ ሁለት ዓመት ተኩል ወታደር ነበርኩ፤ አብዛኛውን ጊዜ የማስታውሰው ወደ ኋላ ስንሄድ ነው። ሌላ ዓይነት አዋቂ ደግሞ አለ፤ ማፈግፈግ ጥበብ ነው የሚል። ይሄኛው መጽሐፍ ያነበበ ነው። እኔም አንብቤያለሁ። መጽሐፍ ላይ የሚያፈገፍገው ቀስት ነው፤ ካርታ ላይ ተስሎ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ቀስት። ቀስት ግን ረስቶት የሚመጣው ሰው የለውም።

ወረርሽኙ ባይመጣ ኖሮ ይሄን ሳልናገር እሞት ነበር። ጀፕ፣ የእኛ የሐበሾቹ የገበያ ሰፈር፣ በአንድ ቀን ጭር አለ። መጋረጃና ብርድ ልብስ የምንሸጥ ሰዎች የሱቃችንን ብረት አውርደን የምንኖርበት ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ተከማቸን። በዚያ ሰሞን ያልመነነ ሰው አልነበረም። ፕሮቴስታንቱ ከዓለም ተለይቼ እጾማለሁ አለ፤ ኦርቶዶክሱ ሱባኤ ገባሁ አለ፤ ሁለቱም ይሄን ያሉት በዋትስአፕ ነው። ከሁሉም የባሱት ጎረቤቴ ጋሽ ታምሩ ነበሩ፤ ቀበቶ ሲሸጡ ያረጁ ሰውዬ። በቀን አምስት ጊዜ ድምፃቸውን ቀድተው ይልካሉ።

«ጋሽ ታምሩ፣ ሱባኤ ከገቡ ወዲህ ሠላሳ መልእክት ልከዋል» አልኳቸው አንድ ቀን በግድግዳው በኩል።

«አንተ ያልገባኸው እንዳትሰለች ብዬ ነው» አሉኝ።

አንድ ነገር ግን ጥሩ አደረጉ። በየጠዋቱ እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ ሁላችንም «አለሁ» ብለን እንድንጽፍ ደነገጉ። የጀፕም፣ ዳር ከተማ ያሉት የክሊፕታውንም፣ የቶኮዛም ሰው። ያልጻፈ ይፈለጋል። ሁሉም ወደደው። እኔ አልወደድኩትም። ምክንያቱን ለማስረዳት ወደ ራሰ በራዋ መመለስ አለብኝ።

መቶ በሚባለው የጦር ክፍላችን ውስጥ ሠላሳ አንድ ሰዎች ነበርን። ማርቆስ የሆሳዕና አካባቢ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል ወፍራም። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ከምሽጉ በስተቀኝ አርባ እርምጃ ወደሚርቅ ቋጥኝ ፈቀቅ ይልና ራሱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ይጸልያል። ያን ጊዜ ሰማይ ቢወድቅ አይሰማም። ከምሽግ መውጣት ክልክል ነው። የማታው የስም ጥሪ ደግሞ በዚያው ሰዓት ነበር። ስለዚህ ስሙ ሲጠራ እኔ ድምፄን አወፍርና «አለሁ» እልለታለሁ። እሱ በምላሹ የእኔን የውሃ ተራ ይወጣልኛል። ይሄን የሚያውቁት በግራዬና በቀኜ የነበሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ አሥር አለቃ ጌታሁን እና ፍሬው። ሲስቁ ኮፍያቸውን ይነክሱ ነበር። ይሄ በወታደር ቤት እንደ ወንጀል አይቆጠርም፤ ጉርብትና ነው።

በአርባ አንደኛው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በግራችን ያለው ኮረብታ በመድፍ ተመታ። አሥር ሰዓት ላይ እዚያ የነበሩት ጓዶች ለቀው ወረዱ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የመቶ መሪያችን መቶ አለቃ ደምሴ በምሽጉ ውስጥ ጎንበስ ብሎ መጣና በዝቅተኛ ድምፅ ስም መጥራት ጀመረ።

«ማርቆስ!»

«አለሁ» አልኩ፣ በማርቆስ ድምፅ።

የመጨረሻው ስም ካለቀ በኋላ ነው የተናገረው። «ሁላችሁም አላችሁ። ጥሩ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ቦታውን እንለቃለን።»

ስለ እነዚያ አምስት ደቂቃዎች ብዙ አስቤያለሁ። አራት ቃል ይበቃኝ ነበር፦ ማርቆስ የለም፤ ዋሽቼ ነው። አላልኩም። መውረጃችን በቋጥኙ በኩል ስለሆነ ሳልፍ ብርድ ልብሱን ጎትቼ አስነሳዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ውሸቴ ሳይታወቅ እገላገላለሁ። ትጥቃችንን አጠበቅን። ተነሣን። አንድ ሞርታር የቀኙን መንገድ መታው። መቶ አለቃው እጁን ወደ ግራ አዞረ። በግራው ገደል ወረድን። ከፊቴ ሰባት ሰው፣ ከኋላዬ ሃያ ሁለት። ያኔም አልተናገርኩም። ሰው ሲሸሽ ለመናገር ትንፋሽ ያጥረዋል ብትሉኝ፣ ትንፋሽ ነበረኝ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረቁ ወንዝ ውስጥ እንደገና ተቆጠርን።

«ማርቆስ! ማርቆስ!» አለ መቶ አለቃው። «ላይ እኮ አለሁ ብሏል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ጌታሁን ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ፍሬውም አየኝ። እስክነሣ እየጠበቁኝ እንደነበር ገብቶኛል። ጉልበቴን አቅፌ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። ጌታሁን ኮዳውን ፈትቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠና «ያዝልኝ፣ ዳገት ላይ ይከብደኛል» አለኝ። ከዚያ ለመቶ አለቃው «እኛ እናመጣዋለን፣ የት እንደሚሆን እናውቃለን» አለው። ሁለቱ ወጡ። አንድ ሰዓት ላይ ከላይ የመትረየስ ተኩስ ሰማን። አጭር ነበር። ከዚያ ምንም።

ማርቆስ በማግሥቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሌላ አቅጣጫ ዞሮ ብቻውን መጣ። ጭረት የለበትም። በመንገዱ ማንንም አላገኘም።

«የት ነበርክ?» አለው መቶ አለቃው።

«እየጸለይኩ ነበር ጌታዬ። ስነሣ ማንም የለም።»

«ጸሎትህ ሁለት ሰው በላ።»

እኔ ሦስት እርምጃ ርቄ የጌታሁንን ኮዳ ይዤ ቆሜ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማርቆስ ሲጸልይ አይቼው አላውቅም።

ከሠራዊቱ ከተሰናበትን በኋላ እሱ ቀድሞ ወደዚህ ወረደ፤ እኔ ከአራት ዓመት በኋላ መጣሁ። ጀፕ አንድ ደረጃ ላይ ተገናኝተን ተቃቀፍን። ቶኮዛ ውስጥ ስፓዛ የሚሏትን የሰፈር ሱቅ ከፍቶ ይሠራ ነበር። በየእሑዱ አብረን በላን፤ ስለ ራሰ በራዋ አንድ ቀን አንሥተን አናውቅም። ማርቆስ ማንም ሰው ለእሱ ብሎ እግሩን እንዲያነሣ አይፈቅድም ነበር። መኪናው ቢበላሽ በእግሩ ይመጣል እንጂ አይደውልም። ቢታመም ይደበቃል። ሰው ትሕትና ነው ይለዋል። ምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ እያወቅኩም ምሳዬን እበላ ነበር።

ሁለተኛው ማዕበል የመጣው በጥር ነው፤ እዚህ ሙቀቱ በሚከፋበት ወር። ሁለት ጠዋት በተከታታይ ማርቆስ «አለሁ» አላለም። ጋሽ ታምሩ «የማርቆስን ወሬ የሰማ አለ?» ብለው ድምፅ ላኩ። ጣቴ በራሱ ጊዜ ጻፈ፦ «ደህና ነው፣ ስልኩ ተበላሽቶ ነው።» ልልከው ስል አየሁት። ሃያ ዓመት ሙሉ አልተማርኩም ማለት ነው። አጠፋሁትና ጫማዬን አደረግሁ።

ሦስት ሰዓት ላይ መስኮቱ ሁሉ የተከፈተ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ቶኮዛ ደረስኩ። ሱቁ ማማ ኖምሳ የሚባሉ ሴትዮ ግቢ ፊት ላይ ነው፤ አከራዩ እሳቸው ናቸው። የመሸጫው መስኮት ከብረት ፍርግርጉ ኋላ ገርበብ ብሏል። ማማ ኖምሳ አጥር ላይ ተደግፈው ቆመዋል።

«አንተ የማይ ፍሬንድ ወንድም ነህ?» አሉኝ። የሰፈሩ ሰው በሙሉ ማርቆስን የሚጠራው ማይ ፍሬንድ እያለ ነው። «ሾርባ አስቀምጥለታለሁ፤ ሳህኑን አጥቦ በመስኮት ይመልሳል። በር አይከፍትም። ወንድሜ መኪና አለው፣ ሆስፒታል እንውሰድህ ስለው ሂጂ ይለኛል። እኔን! በገዛ ግቢዬ!»

ወደ ፍርግርጉ ተጠጋሁ።

«ማርቆስ።»

«ማነው?»

«ተሾመ ነኝ።»

«ተመለስ።» ሳሉ ረጅም ነበር፤ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። «አንተ ስኳር አለብህ። ምን ልታደርግ መጣህ?»

«ልወስድህ።»

«ለእኔ ብሎ ሁለት ሰው ተመልሶ አልቋል። ሦስተኛ አልፈልግም። ሂድልኝ።»

እዚህ ላይ ብዙ ብልሃት ሊኖር ይችላል። መለመን ይቻላል፣ ማስፈራራት ይቻላል፣ በሩን መስበር ይቻላል። ሁሉንም በሐሳቤ ሞከርኳቸው፤ ሁሉም እውነቱን ላለመናገር የሚረዱኝ ነበሩ።

«ለአንተ ብለው አይደለም የሞቱት» አልኩ። «ያን ቀን ከመልቀቃችን በፊት ስም ተጠርቶ ነበር፤ እንደ ልማዴ አለሁ አልኩልህ። እንደምንለቅ ሳላውቅ ነው ያልኩት። ካወቅኩ በኋላ ግን ዝም አልኩ። ጌታሁንና ፍሬው የወጡት እኔ አልነሣ ስላልኩ ነው።»

 ከኋላዬ ማስክ ያጠለቁ ሁለት ደንበኞች ተሰልፈዋል፤ ሱቁ የተከፈተ መስሏቸዋል።

«እንዴት አልክ?» አለ ማርቆስ።

«ምኑን?»

«አለሁ ስትል። እስቲ በለው።»

ፀሐይ ላይ፣ ማማ ኖምሳና ሁለቱ ሰዎች እያዩኝ፣ ድምፄን አወፈርኩ። «አለሁ!»

«አይመስልም።»

«ያኔ ይመስል ነበር።»

«መቶ አለቃው ደንቆሮ ሆኖ ነው እንጂ አይመስልም።» ይሳቅ ይሳል መለየት አልቻልኩም። ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ሃያ ዓመት፣ ተሾመ። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ሁለቱ መጥተው ፊቴ ይቆማሉ። እነሱን ፈርቼ እግዚአብሔርን ዘጋሁት። ሃያ ዓመት ሙሉ አላናገርኩትም። አንተ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ምሳ ትበላለህ።»

«አዎ» አልኩ።

  ከዚያ የበሩ መቀርቀሪያ ሲነሣ ሰማሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ማርቆስ በሩን ይዞ ቆሟል፤ ግማሹ የቀረ ሰው።

«የከፈትኩት ይቅር ብዬህ እንዳይመስልህ» አለ። «ልመታህ ነው።»

እጁን አነሣ። እጁ ትከሻዬ ላይ ደረሰና እዚያው ቀረ፤ መቆም አቅቶት ነበር። እንደዚያው ደግፌው ወደ መኪናው ሄድን። ማማ ኖምሳ ሱቁን ቆለፉና ቁልፉን ጡታቸው መሃል ከተው «ማይ ፍሬንድ፣ ሱቅህ የትም አይሄድም፣ አንተ ሂድ» አሉት። የወንድማቸው መኪና እዚህ ባኪ የሚሏት ኋላዋ ክፍት የሆነች ናት። እሱ አንዱ ጥግ፣ እኔ ሌላው ጥግ ሆነን በነፋስ ሄድን። ሆስፒታሉ በር ላይ ነርሷ እኔን አሳይታ ምንህ ነው ስትለው «አብረን ወታደር ነበርን» አላት። ከዚያ ወዲህ በእኔ ፊት የተናገረው ነገር ይሄ ብቻ ነው። አሥራ ዘጠኝ ቀን ኦክስጅን ላይ ቆይቶ ወጣ።

አሁን ሙታንን ልቁጠር። ራሰ በራዋ ላይ ጌታሁንና ፍሬው ናቸው፤ አስከሬናቸው አልወረደም። ከጠዋቱ ዝርዝራችን ውስጥ፣ በዚያ በጋና ተከትሎት በመጣው ክረምት፣ የክሊፕታውን ሁለቱ ወንድማማቾች። ሦስተኛ ፎቅ ምግብ የምትሠራልን አልማዝ። ጋሽ ታምሩም፤ አንድ ማክሰኞ ሁለት ሰዓት አለፈ፣ ሦስት ሰዓት አለፈ፣ ግድግዳውን ባንኳኳ መልስ የለም። ስድስት ሰዎች ናቸው። ማርቆስ እዚያ ውስጥ የለም። እኔም ስኳሬን ይዤ የለሁበትም፤ ለምን እንደሆነ የሚያስረዳኝ ሰው ካለ መስማት አልፈልግም።

ከእነዚህ ሁሉ ዓመታት የቀረኝ ትንሽ ነገር ነው። ሰው ከጦር ሜዳም፣ ከዓለምም፣ ከሰውም ወደ ኋላ ሊል ይችላል፤ አልፈርድበትም። ዋሻ የገባ መናኝ እንኳ የት እንዳለ የሚያውቅ አንድ ሰው አለው። እኔ ያፈገፈግኩት ግን ምሽጌን ሳልለቅ፣ እዚያው ቁጭ ብዬ ነው። ከሁሉም የሚከብደው ማፈግፈግ ይሄኛው ነው።

ማርቆስ አያናግረኝም። የጠዋቱ ዝርዝር እስከ ቀረበት ቀን ድረስ በየጠዋቱ ከሁሉም ቀድሞ «አለሁ» ይጽፍ ነበር፤ እኔም ከሁሉም ቀድሜ አነበው ነበር። ክረምቱ ሲያልቅ አንድ ቀን ቶኮዛ ሄድኩ። ምን እንደምለው አላወቅኩም። ስደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ የመሸጫው መስኮት ተዘግቷል። ዳቦ ልትገዛ የመጣች አንዲት ሴት ፍርግርጉን በሳንቲም ትቀጠቅጣለች።

«በየቀኑ በዚህ ሰዓት ይዘጋብናል!» አለች። «ሩብ ሰዓት! ሰው ዳቦ አይበላም እንዴ?» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ውስጥ አለ?»

ከቆርቆሮው ወዲያ ያ ወፍራም ድምፅ ያጉረመርማል። ለእኛ አልነበረም የሚናገረው። ሴትዮዋ መልሴን እየጠበቀች ነው።

አልመለስኩላትም። ሲጨርስ ራሱ ይመልስላታል።