ቀዳዳ የማይወድ ሰው

የሰፈሩ ሰው «ካፒቴን ምድር» ይለዋል። በጓሮው መጋዘን ውስጥ በገዛ እጁ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሠርቷል፤ አውሮፕላኗ ግን እስካሁን ከአጥሩ አልፋ አታውቅም። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው፤ ገና ከመነሳቱ የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀዩ መስመር ይገሰግሳል። ሞተሩ ሲግል የእሱም ደም ይፈላል፤ እየተራገመ ያጠፋዋል።

ሙያው የተጋጩ መኪኖችን ቦዲ ማቃናት ነው። እዚያ ክፍተት ነውር ነው፤ በርና ጎን በደንብ ካልተጋጠሙ ደንበኛው ፊት ቀና ብሎ አይቆምም። የሞተሩን መከለያም እንደዚያው ሠራው፤ አጋጥሞ፣ አለስልሶ፣ እንደ እንቁላል አሳምሮ። ከፊት ለአየር መግቢያ ሁለት ቀዳዳ ተወ። ሲግልበት አሰፋቸው። አሁንም አሰፋቸው። ሞተሩ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ሰው ባለፈ ቁጥር መነሳት ሰልችቷት መጋዘኑን ጠየቀችው። ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው ተስማሙ፤ እሑድ ሞተሩ ከጋለ አውሮፕላኗ ትሸጣለች፣ ካልጋለ ደግሞ ሚስትየዋ ስለ መጋዘኑ አፏን አትከፍትም።

እሑድ ጠዋት ነፋሱ በየት እንደሚሄድ ለማየት ቁርጥራጭ ክር ለመናት።

«ደግሞ ልታለብሳት ነው?» አለችው፤ ሰጠችው ግን።

ክሮቹን በመግቢያዎቹ ዙሪያ ለጣጠፈና እሷን ራቅ አድርጎ በጎን አቁሞ ሞተሩን አስነሳ። መርፌው እንደ ልማዱ ወጣ፤ አጠፋው።

«ክሮቹ ወደ ውስጥ አይገቡም» አለች። «ጠግቦ እንደሚያስመልሰው ሕፃን መልሶ ይተፋቸዋል።»

በጀርባው ተንጋልሎ ከሥር ገባ። የገባው አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ጣት እንኳ አያስገባም። ያጠበበው እሱ ራሱ ነው፤ አፉን የከፈተ ላሜራ ዓይኑን ይወጋዋልና። የላሜራ መቀሱን አነሳ፤ ያን የለሰለሰ ሆድ ሊቀድ እጁ እምቢ አለው። ሦስት ወር የለፋበት ነው። «ትሸጥ!» ብሎ መቀሱን ወረወረ።

ሚስቱ መቀሱን አንስታ መለሰችለት። «እኔ ቀሚስ ሲጠብ ስፌቱን እተረትራለሁ እንጂ ለባሿን አልሸጥም።»

ጥርሱን ነክሶ ቀደደው፤ የተቀደደውንም ጠርዝ ወደ ታች አጠፈው። ሞተሩ ሲነሳ መርፌው ወጣ፣ ወጣ፣ ከቀዩ በታች ቆሞ ተንቀጠቀጠ።

«አልጋለም እኮ» አለች።

«ጠዋት ስለሆነ ነው። ቀትር ላይ ቀዩን ያልፋል» አለና መቀሱን ይዞ ተመልሶ ከሥር ገባ፤ ያን አስቀያሚ ቀዳዳ ሊያሰፋው።

እሷ ክሮቿን ለቃቅማ ወደ ኮሪደሩ ሄደች። ስለ መጋዘኑ አላነሳችም።