ሁለተኛው ቤዝ ላይ የቆመው

ቅዳሜ ቅዳሜ ፍራንክፈርት፣ ጋሉስ በሚባለው ሰፈር በተከራየናት አንዲት ክፍል ለልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ሥራዬን በሥርዓት መጀመር እወዳለሁ። ወንበሮቹን ራሴ እደረድራለሁ፣ ሰሌዳውን አጠፋለሁ፣ ከዚያ ስም እጠራለሁ። ስም መጥራት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለእኔ ግን የዕለቱ የመጀመሪያ ትምህርት ነው። ግማሾቹ «ሂር!» ብለው በጀርመንኛ ይመልሱልኛል። «በአማርኛ!» እላለሁ፤ ይስቁና «አለሁ» ይላሉ። የቀረ ልጅ ካለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «የለም» ይላል።

አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ተማሪ ይህን ሥርዓቴን አበላሸችብኝ። አጠገቧ ይቀመጥ የነበረ ልጅ ቤተሰቡ ወደ ሌላ ከተማ ከተዛወረ ወራት አልፈዋል። ይመለሳሉ ስለተባለ ስሙን መጥራት አልተውኩም ነበር። በጠራሁ ቁጥር እሷ ክፍሉን ቀድማ «አለ» ትላለች።

«የለም ነው የሚባለው» አልኳት አንድ ቀን።

«አለ።»

«የት አለ? ወንበሩ ባዶ ነው እኮ።»

«ኦፓ እንደዚህ ነው የሚለው» አለች። «ሰው ሲጠፋ አለ ነው የሚባለው።»

ኦፓ የምትለው አያቷን ነው። አስመራ ተወልደው ያደጉ፣ በአማርኛ የተማሩ፣ ብዙ ዘመን ግሪስሃይም ሰፈር መጋዘን ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ልጅቷን ወደ ትምህርት የሚያመጧት እሳቸው ስለነበሩ በደንብ እንተዋወቃለን። በሩ ላይ ቆመው «ዛሬ ምን ታስተምሪያቸዋለሽ፣ ጓለይ?» ይሉኛል። ጓለይ ማለት በእሳቸው ቋንቋ ልጄ ማለት ነው። ስነግራቸው እስከ መጨረሻው ይሰሙኛል። እኔን እስከ መጨረሻው የሚሰማ ሰው ብዙ ስለሌለ ወደድኳቸው።

ልጅቷ ቤዝቦል ትጫወታለች። በዚያ በጋ ከብዙ አገር የተውጣጡ የታዳጊዎች ቡድኖች የሚጋጠሙበት ሻምፒዮና ፍራንክፈርት ላይ ተዘጋጀና ለአስተናጋጁ ቡድን ተመረጠች። በዚያው ሳምንት እናቷ ደወለችልኝ።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አለች። «እሁድ ኤርፖርት የሥራ ሺሽት አለብኝ። ይቺ ልጅ ደግሞ ኦፓ ካልመጣ አልጫወትም ብላ ድርቅ ብላለች። አባዬ ቤዝቦል ሜዳ አልረግጥም ይላል። አንቺን ግን እምቢ አይልም።»

«ለምንድን ነው የማይረግጠው?»

ነገረችኝ። አባቷ ታላቅ ወንድም ነበራቸው። ሁለቱ ወንድማማቾች አስመራ ከአሜሪካኖቹ ካምፕ አጥር አጠገብ ወታደሮቹ ሲጫወቱ እያዩ ቤዝቦል የተማሩ ልጆች ነበሩ። በአብዮቱ ዓመታት ታላቅየው አንድ ምሽት ጠፋ። ሞተ ብሎ የመጣ ሰው የለም፤ አየሁት ያለም የለም። ስለዚህ ለቅሶ አልተቀመጡለትም፣ ፍትሐትም አልተፈታለትም። አሁን አስመራ የቀረችው ታላቅ እህታቸው ታማ አልጋ ላይ ናት። ዓይኗን ሳትከድን የወንድሟን ተዝካር ማውጣት ትፈልጋለች።

«አክስቴ ያለ አባዬ ፈቃድ አታደርገውም» አለች። «በየሳምንቱ ትደውላለች። እሱ አንዲት ቃል ብቻ ይላል፣ ‹አለ›፤ ከዚያ ስልኩን ይዘጋል። አሁን ደግሞ ድምፅዋ እየደከመ ነው። የነገርኩሽን እንዳታነሺበት፣ እሺ? እንድታውቂው ብዬ ነው።»

እኔ ስለ ቤዝቦል የማውቀው አልነበረም። ደንቡን እንደ ፈተና አጠናሁት። ከዚያ ለአያቷ፣ እኔ አባባ ለምላቸው፣ ደወልኩና እውነቱን ነገርኳቸው፦ መጽሐፉን አንብቤያለሁ፣ ጨዋታውን ግን አይቼው አላውቅም፤ አጠገቤ የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ። «ስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ።

እሁድ ሙቀት ነበር፤ እሳቸው ግን ካፖርታቸውን ክንዳቸው ላይ አጥፈው ይዘዋል። ትራም ውስጥ ያጠናሁትን ዘረዘርኩላቸው። ወርዋሪው ይወረውራል፤ ዱላ የያዘው ይመታል፤ ከመታ ይሮጣል። ሜዳው ላይ ቤዝ የሚባሉ ነጫጭ ትራስ የመሰሉ ማረፊያዎች አሉ። ሦስቱን ዞሮ ወደተነሳበት የተመለሰ ነጥብ ያገኛል። ካልቻለ አንዱ ላይ ቆሞ ሌላ ጓደኛው እስኪመታለት ይጠብቃል። የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተያዘች ተቃጠለ፣ ወጣ ማለት ነው፤ ሦስት ልጆች ከተቃጠሉ ተራው ለሌላው ቡድን ያልፋል።

«ይገርማል» አሉ አባባ። «እኔ ስማረው ማንም እንዲህ አላስረዳኝም። ኳስ ግንባሬን መትቶኝ ነው የገባኝ።» ሳቅሁ። እሳቸውም ትንሽ ሳቁ።

ሜዳው ጊንሃይም አካባቢ ነው፤ የሰፈሩ የቴሌቪዥን ማማ ከዛፎቹ በላይ ይታያል። ወላጆች በየቋንቋቸው ይጮኻሉ፣ ሕፃናት ቋሊማ ይዘው ደረጃው ላይ ይሯሯጣሉ። አባባ ከተቀመጡ በኋላ ካፖርታቸውን በስተግራቸው ባለው ወንበር ላይ አነጠፉት። ቦታ የጠበበው አንድ አባት መጣና ይህ ወንበር ነፃ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ።

«ናይን» አሉ። «በዜትስት።»

ተይዟል ማለታቸው ነው። ሰውየው ካፖርቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ሄደ።

ልጅቷ ፊቷን በጭንብል ሸፍና፣ ደረቷ ላይ መከላከያ አስራ፣ ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብላ ኳስ የምትቀበለው እሷ ነበረች። በየመሀሉ ጭንብሉን ከፍ አድርጋ ወደ እኛ ታያለች። አባባ እጃቸውን ትንሽ ያነሳሉ። ተጋጣሚዎቹ ቼኮች ነበሩ፤ ረጃጅምና የረጉ ልጆች። ጨዋታው እኩል ለእኩል ሆኖ መደበኛው ተራ አለቀ።

በዚህ ውድድር ደንብ፣ እኩል ከሆኑ ጨዋታው እንዳይራዘም አንድ ነገር ይደረጋል። የሚመታው ቡድን ከቀጣዩ መቺ በፊት ተራው የነበረውን ልጅ ወስዶ ሁለተኛው ቤዝ ላይ ያቆማል። ልጁ አልመታም፣ አልሮጠም፤ እንዲሁ ይቆማል። ቼኮቹ በዚህ መንገድ አንድ ነጥብ አገቡ። የእኛ ተራ ሲደርስ አሰልጣኙ ጣቱን ወደ ልጅቷ ቀሰረ። ጭንብሏን አውልቃ፣ የራስ ቁር አድርጋ፣ ብቻዋን ሜዳውን አቋርጣ ሁለተኛው ቤዝ ላይ ቆመች።

አባባ ተነሡ።

«ማን አቆማት?»

«ደንቡ ነው አባባ» አልኩና አስረዳኋቸው።

«ሳትመታ?»

«ሳትመታ።»

«እኛ ጋ እንደዚህ አልነበረም» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው «ነበረ» አሉ።

ቼኮቹ ወርዋሪያቸውን ሊቀይሩ ስለፈለጉ ጨዋታው ቆመ። አዲሱ ልጅ ክንዱን እያሟሟቀ ነበር። አባባ ዓይናቸውን ከልጅቷ ሳይነቅሉ ተናገሩ።

«ወንድሜ እንደዚያ ነው የቆመው። እሱ ግን መትቶ ነው የደረሰው። ቀጥሎ ተራው የኔ ነበር። ዱላውን ሳነሳ የሰዓት እላፊው ሳይረን ጮኸ። ሁላችን በዚህ በኩል ሮጥን፤ እሱ ያለው በወዲያኛው አጥር በኩል ስለነበረ በዚያ ሮጠ። ቤት አልደረሰም።»

«ከዚያስ?»

«ጠፋ አይባልም በዚያ ጊዜ። ልጅ ጠፋ ከተባለ ካድሬዎቹ በረሃ ወዳሉት ሽፍቶች ሄደ ይሉና አባቱን ያስሩታል። በማግስቱ የቡድናችን አለቃ ሰበሰበን። ‹ካቆምንበት እንጀምራለን› አለ። ጮክ ብሎ፣ የሚያዩን እንዲሰሙ። ‹ሁለተኛው ላይ ማን አለ?› ሲል የወንድሜን ስም ጠራን። ‹አለ?› ሲል ሁላችን ‹አለ!› አልን።»

አዲሱ ወርዋሪ ጨረሰ። ዳኛው እጁን አነሳ።

«እኔ መታሁ» አሉ አባባ። «በሕይወቴ እንደዚያ መትቼ አላውቅም። ኳሷ ሄደች፣ ሄደች። ሁላችን ዞረን ሁለተኛውን ቤዝ አየን። እኔም አልሮጥኩም። ደንቡን አንብበሻል አይደል? ከፊት ያለው ሳይነሳ የኋለኛው አያልፈውም። እሱ ሳይነሳ እኔ ወዴት ነው የምሮጠው?»

መጽሐፉ ውስጥ ያንን ደንብ አንብቤዋለሁ፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ግን መጽሐፉን ትቼ እሳቸው የሚያዩትን ቤዝ አየሁ።

የመጀመሪያው የእኛ መቺ ተቃጠለ። ሁለተኛዋም ተቃጠለች። ልጅቷ ሁለተኛው ቤዝ ላይ ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ፣ ለመሮጥ ተዘጋጅታ ቆማለች። የአባባ እጅ ካፖርቱን ጨብጧል። «ምታ» ይላሉ በሹክሹክታ፤ ለማን እንደሚሉ አላወቅሁም። ሦስተኛው ልጅ ኳሷን ወደ ላይ መታት። ሁላችን ቀና ብለን አየናት፤ ፀሐይ ውስጥ ገብታ ጠፋች፤ ስትወርድ ከአንድ ቼክ ልጅ ጓንት ውስጥ ገባች።

አለቀ። ቼኮቹ እየጮኹ መሀል ሜዳ ላይ ተደራረቡ። የእኛ ልጆች ወደ መቀመጫቸው ተመለሱ። ልጅቷ ግን እዚያው ቆማ ቀረች። እጇን ቁሩ ላይ አድርጋ ባዶውን ሦስተኛ ቤዝ ታያለች። ማንም አልጠራትም። ያን ጊዜ ሜዳው ላይ ያየሁትን ልክ እንዳየሁት እጽፈዋለሁ፦ የቆመችው እሷ ብቻ አልመሰለችኝም። ከፀሐዩ ይሆናል። ጥላዋ ረዘም ብሎ በስተግራዋ ወድቆ ነበር፤ እኔ ግን ጥላውን ሳይሆን ከጎኗ ያለውን ቦታ ነበር የማየው።

አባባ ደረጃውን ወርደው አጥሩ ጋ ደርሰዋል።

«ንዒ!» ብለው ጮኹ። ነይ ማለታቸው ነው። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሳቸው ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር። «ንዒ፣ ይበቃል! ንዒ!»

ልጅቷ ዞረች። ሦስተኛውን ቤዝ ሳትረግጥ፣ በመስመሩ ሳትሄድ፣ በቀጥታ በሣሩ መሀል ወደ አጥሩ መጣች። አባባ እርምጃዋን እያዩ ጠየቁኝ።

«እንዲህም ይወጣል?»

«ይወጣል አባባ» አልኩ። ማስረዳት ልማዴ ነውና ቀጠልኩ። «ጨዋታው ሲያልቅ ቤዝ ላይ የቀረ ሯጭ እንዲሁ ይወጣል። ነጥብ አይቆጠርለትም፣ ግን ይወጣል።»

«አለቀ የሚለው ማን ነው?»

«ዳኛው።»

«እኛ» አሉ፣ «ዳኛ አልነበረንም።»

ልጅቷ ደረሰች። በአጥሩ ቀዳዳ ጣታቸውን አሾልከው የቁሯን ጫፍ ነኩ። «ተሸነፍን» አለች በጀርመንኛ። «እወ» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «መጣሽ።»

ስንመለስ ትራሙ ውስጥ ካፖርቱ እንደገና ከጎናቸው ወንበር ላይ ነበር። ልጅቷ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ ጓንቷን ታሽከረክራለች። አባባ ስልካቸውን አወጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ቁጥሩን ፈልገው ደወሉ። ከወዲያ በኩል የደከመ ድምፅ ይሰማል።

«እኔ ነኝ» አሉ እህታቸውን። ከዚያ ብዙ ሰሙ። እንደ ሁልጊዜው ያቺን አንድ ቃል ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። ልጅቷም ጓንቱን ማሽከርከር አቁማ ጠበቀች።

«አድርጉት» አሉ።

ወዲያ ማዶ ልቅሶ ሲጀመር ተሰማን። አባባ ስልኩን ከጆሯቸው ሳያርቁ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ። በሚቀጥለው ፌርማታ ዕቃ የተሸከመች ሴት ገባችና ባዶውን ወንበር አየች። ካፖርቱን አነሡላት፤ ግን ወዲያው አይደለም። መጀመሪያ ሌላ ሰው እስኪነሳ የሚጠብቁ ይመስል ትንሽ ቆዩ።

በተከታዩ ቅዳሜ ወንበሮቹን ደረደርኩ፣ ሰሌዳውን አጠፋሁ፣ ስም ጠራሁ። የዚያ የሄደው ልጅ ስም ጋ ስደርስ ክፍሉ እንደለመደው ወደ እሷ ዞረ። እሷ ጠረጴዛዋን አየች።

«የለም» አለች።

ያንን ቃል ስንት ቅዳሜ እንድትልልኝ ስጠይቃት ነበር። ቀጣዩን ስም መጥራት ነበረብኝ፤ ልጆቹ ይጠብቃሉ። እኔ ግን የልጁን ወንበር አየሁ። በሥርዓት ከደረደርኳቸው ወንበሮች ሁሉ የሚያስፈራኝ እሱ ብቻ ሆኖ ነበር፤ እሷ «አለ» ስትል እንዲህ ባዶ መስሎኝ አያውቅም ነበርና።