ከአሸተን ማርያም ደጅ የቆሙት እማማ ጥሩነሽ

ባለፈው ሳምንት አብሮኝ የሚሠራ ወጣት የሙከራ ሪፖርት አመጣልኝ። ከአንዱ ሰው ስም ትይዩ «መጠቀም አልቻለም» ይላል። «ለምን እንደሆነ ጠይቀኸዋል?» አልኩት። አልጠየቀም። ልቆጣው አሰብኩና የራሴ ነገር ትዝ ሲለኝ አፍሬ ተውኩት።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ዛሬ በየሱቁ የሚታየው የቨርቿል ሪያሊቲ መነጽር ያኔ ብርቅ ነው። ተራራ መውጣት ላቃታቸው ሰዎች ከላሊበላ በላይ ያለችውን የአሸተን ማርያምን ዳገትና ቤተ ክርስቲያን በመነጽሩ የሚያሳይ ፕሮግራም እየሠራን ነበር። በእጅ የምትያዘው መቆጣጠሪያ የእኔ ሥራ ናት፤ ቁልፏን ሲጫኑ ወደፊት ታራምዳለች። ስምንት ወር ለፍቼባታለሁ፤ ጥሩ አድርጌም ነው የሠራኋት፣ ምን ይደብቃል!

ጋሸና ላይ ጥብስ በልተን፣ እስከ ላሊበላ አቧራ ስንጠጣ ሄድን። ጥቅምት ስለነበር ገብሱ ለአጨዳ ደርሷል። ተሞካሪዎቹን የጠራልን ቀበሌው ነው፤ ያኔ ሁሉ ነገር በአንድ ለአምስት ነበር። ሽማግሌ ጠርቶ ሳያበሉ ሥራ ማስጀመር ነውር ነው ብዬ ምሳ ያስቀደምኩት እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ሰው በመነጽሩ ዳገቱን ወጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሙ። ሁለተኛውም እዚያው። አለቃችን ሄኖክ «ቁልፉ ከበዳቸው» ብሎ ጻፈና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ሦስተኛዋም ካልገቡ መቆጣጠሪያዋን እናወጣታለን። ምስሉ ራሱ ይዟቸው ይሂድ።»

ክው አልኩ።

ሦስተኛዋ እማማ ጥሩነሽ ነበሩ፤ ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ አሸተንን ከታች ሆነው የሚሳለሙ። ዳገቱን ቀጥ አድርገው ወጡት። ከደጁ ሲደርሱ አማትበው ቆሙ። በሙከራ ሰዓት ተሞካሪን ማናገር ክልክል ነው፤ እኔ ግን አላስቻለኝም።

«እማማ፣ ቁልፉ እንቢ አለዎት?»

«ምን በወጣው! እሽ ብሎ ይታዘዘኛል።»

«ታዲያ ለምን አይገቡም?»

መነጽሩን እንዳጠለቁ ወደ ድምፄ ዞሩ። «አንት ልጅ፣ ምሳ ያበላኸኝ አንተው አይደለህ? እህል ቀምሼ እንዴት አድርጌ ነው ከቤተስኪያን የምገባ? ነገ ሳልቀምስ ልምጣ።»

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱም ባዶ ሆዳቸውን መጡ፤ ሦስቱም ገቡ። እማማ ጥሩነሽ ለመስገድ ጎንበስ ሲሉ መነጽሩ ጠረጴዛውን መታው። ሄኖክ «ዕቃው!» ብሎ ጮኸ። እሳቸው የሰሙትም አይመስለኝ፤ እንባቸው በመነጽሩ ሥር ይወርድ ነበር። ሄኖክ የትናንቱን ማስታወሻ ሰረዘ።

ፕሮግራሙ ገበያ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሠርቻለሁ፤ በአንዱም የዚያችን ቁልፍ ያህል አልኮራሁም። ለዓመታት የምኮራው እማማ ጥሩነሽን ስላስገባች ይመስለኝ ነበር። አሁን ፀጉሬ መሸበት ሲጀምር የማስበው ግን ያችን የመጀመሪያ ቀን ነው። ምስሉ ራሱ እንዲሄድ አድርገን ቢሆን ኖሮ፣ ምሳ ያበላናቸውን ሴትዮ ሳይወዱ ጎትተን እናስገባቸው ነበር። መቆም የቻሉት ቁልፏ በእጃቸው ስለነበረች ነው።