ምላጩን የተቀማው ፀጉር አስተካካይ

ፀጉር አስተካካዩ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እጁ የተባረከ። ምላጩ ፊት ላይ ማለፉ እንኳ አይታወቅም። አምና ግን እንቅልፍ እምቢ አለው፤ ምግቡም ሰዉም አስጠላው። ታላቅ እህቱ እየጎተተች የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ኪኒን ታዘዘለት፤ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ጠዋት ከሐኪሟ ጋር ቁጭ ብሎ ያወራ ጀመር። ከሦስት ወር በኋላ ደህና ሆኖ ሥራው ላይ ተገኘ።

ታሞ ሳለ ዞር ብሎ ያላየው ሰው ሁሉ፣ ሲድን ፈራው።

የፀጉር ቤቱ ባለቤት ምላጩን ከመሳቢያ አውጥቶ ኪሱ ከተተ። «ለአንተው ብዬ ነው፣ የኔ ልጅ። ለጊዜው ፀጉር ማጠቡ ላይ ሁን።»

«ምን አጠፋሁ፣ ጋሼ?»

«ምንም። ሰው ነው የሚያወራው።»

ሰው የተባለው ጡረተኛው መምህር ነው፤ ጋዜጣ በነጻ ለማንበብ በየቀኑ እዚያ የሚጎለት፣ ባልገባው ነገር ሁሉ የሚፈርድ። ለወጣቱ «ነኬ»፣ ነካ ያደረገው፣ የሚል ስም ያወጣለትም እሱ ነው።

ባለቤቱ ደግሞ ጠጪ ነው፤ ከምሳ በኋላ እጁ ይንቀጠቀጣል። ደንበኞቹ ይህን እያወቁ፣ ትንፋሹም እየሸተታቸው ጉሮሯቸውን አቅንተው ይሰጡታል። ወጣቱ ፎጣ ሲያቀብላቸው ግን ዓይናቸው ይቁለጨለጫል። መጀመሪያ አፈረ፣ ቀጥሎ ተናደደ፣ በመጨረሻ ናቃቸው። ንቀቱ ከኪኒኑ ባልተናነሰ እንቅልፍ ሰጠው።

አንድ ቀን ከሰዓት መምህሩ ሊላጭ ተቀምጦ ሳለ የባለቤቱ እጅ ስቶ ጆሮውን ቆረጠው። ደሙ አንገቱ ላይ ወረደ። ባለቤቱ ደርቆ ሲቀር ወጣቱ ጥጥ ይዞ ቀረበ።

«እሱ እንዳይነካኝ» አለ መምህሩ፣ ጥጡን ነጥቆ። ከዚያ ወደ ባለቤቱ ዞረ። «ሌላውንም ጎን አንተው ጨርስልኝ።»

ወጣቱ ሳቁን መያዝ አቃተው። ሽርጡን አውልቆ ሰቀለ። «መምህር፣ አንዱ ጆሮዎ ገና ደህና ነው፤ እሱን እንኳ ይጠብቁት» ብሎ ወጣ።

በሳምንቱ አንዲት ሴት ከሟች ባሏ ወደወረሰችው ፀጉር ቤት ገብቶ ሥራ ጠየቀ። «አስቀድሜ ልንገርዎት፤ የአእምሮ ሕክምና ላይ ነኝ። በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ጠዋት አልገባም።»

«ሐሙስ ጠዋት ገበያም የለም» አለችው። «እስቲ የወንድሜን ጢም ላጨውና ልይህ።»

አየችው፤ ወንበሩን ሰጠችው። የድሮ ደንበኞቹ በዚያ ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞራሉ። እሱ ቀና ብሎም አያያቸው፤ ተረኛ እየጠበቀው ነው።