ለሰርጌ ካይሮ የከረምኩበት ሦስት ወር

አዲስ አበባ፣ ማለዳ

ከመሥሪያ ቤቴ የሦስት ወር ፈቃድ ወስጄ ካይሮ የሄድኩት ለማግባት ነው። እጮኛዬ ጌታሁን እዚያ የአየር መንገድ ቢሮ ሠራተኛ ስለሆነ ሰርጉ እዚያው እንዲሆን ተስማማን። ሽማግሌዎች ዘር ቆጥረው፣ "እስከ ሰባት ቤት አይገናኙም" ብለዋል። የቀረው ያላገባን ለመሆናችን ምስክር የሚሆን ከየነፍስ አባታችን የሚመጣ ደብዳቤ ብቻ ነበር። የእኔን በሻንጣዬ ይዤ በአውሮፕላን፣ አስመራና ካርቱም አርፈን፣ አመሻሽ ላይ ደረስን። ጆሮዬ በማግስቱም ሲጮህ ዋለ።

ሄሊዮፖሊስ፣ ካይሮ

ሳንጋባ አንድ ቤት ማደር ነውር ነውና ጌታሁን ኡም ናቢል ከሚባሉ የግብጽ ክርስቲያን ባልቴት ቤት ክፍል ተከራይቶልኝ ነበር። ሴትዮዋ ደግ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ፉል በትኩስ ዳቦ፣ አንዳንዴም ጠዕሚያ የሚሉትን የባቄላ ጥብስ ያቀርቡልኛል። የሕንፃው በረኛ ግን ጌታሁን በመጣ ቁጥር ዓይኑን ያፈጥጥብን ነበር።

የጌታሁን ደብዳቤ አልመጣም። "መቼ ነው የሚመጣው?" ስለው፣ "ቡክራ፣ ነገ" ይላል። ነገ ሲሆን፣ "ማሌሽ፣ ግድ የለም አስኑ፣ የፖስታ ነገር ታውቂው የለ!" ይላል። በሁለተኛው ወር ሳቁ ራሱ አላምር አለኝ። በዚያ ሙቀት ኮቱን አያወልቅም። ሸሚዙንስ እንዲህ አሳምሮ የሚተኩስለት ማን ነው? ሚስት አለችው አልኩ። ልጅም አይጠፋ።

አባሲያ፣ ረፋድ

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብዬ፣ በሦስተኛው ወር ሳልነግረው በትራም፣ ቀጥሎም በተጨናነቀ አውቶቡስ ቆሜ አባሲያ ሄድኩ። እዚያ ባለው የግብጽ ቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት የሐበሻን ጉዳይና ደብዳቤ የሚያዩ አንድ መነኩሴ አሉ።

"አባ፣ የጌታሁን ደብዳቤ አልመጣም?"

መነጽራቸውን አስተካክለው አዩኝ። "ምነው ልጄ! ከመጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ራሱ ወስዶታል እኮ።"

"ምን ይላል?"

"እንደታሸገ ነው የሰጠሁት።"

ከሰዓት በኋላ ቢሮው በር ላይ ጠበቅኩት።

"ደብዳቤውን አምጣ ጌታሁን! ወይም ሚስትህን አሳየኝ!"

"የምን ሚስት?"

"አምጣ አልኩህ፣ ሰው ሳይሰበሰብብን!"

ከኮቱ የውስጥ ኪስ አወጣው፤ እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል። እዚያው መንገድ ዳር አነበብኩት። የነፍስ አባቱ ዘሩን እንደገና አጣርተው ኖሯል። እኛ ቤት በፈረስ ስማቸው አባ ሞገስ የምንላቸው ቅድመ አያቴና እነሱ ቤት በክርስትና ስማቸው ወልደ ሐና የሚሏቸው ቅድመ አያቱ አንድ ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቹ ሁለት ሰው አድርገው ቆጥረዋቸዋል። ለካ ሚስት የለችውም፤ ዘመዴ ነው።

"እዚህ ማን ያውቃል አስኑ?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ኡም ናቢል እንኳ ያገቡት የአጎታቸውን ልጅ ነው። ሌላ ቄስ ሌላ ደብዳቤ ይጽፍልኛል፣ ኸላስ፣ አለቀ! ለአንቺም ከሰርጉ በኋላ ልነግርሽ ነበር።"

"ከሰርጉ በኋላ? ወልጄልህ ነዋ!"

መልስ

በሳምንቱ ተሳፈርኩ። ሊሸኘኝ መጥቶ ሁለታችንም አለቀስን። እናቴ ስትሰማ መሬት ሳመች። "እግዜር ነው ያወጣሽ!" አለች፤ ጎረቤቱም ተቀበላት። እኔም አሜን አልኩ።

አሜን ያልኩት ግን በአፌ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ በሌለች ሴት ስቀና የከረምኩት እሱ ዝም ስላለኝ ነው። ደብዳቤው በመጣ ቀን እጄ ላይ ቢያኖረው ኖሮ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ አገባው ነበር።