ከበሩ አጠገብ የተሳለው አጽም

ያኔ፣ ያ በሽታ ስሙ በሹክሹክታ በሚጠራበት ዘመን፣ የማስታወቂያ ሰዓሊው በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ እንዲስል ታዘዘ። የሱቅ ስምና የጸጉር ቤት መቀስ ሲስል የኖረ፣ ከጥፍሩ ሥር ቀለም የማይጠፋ ሰው ነበር። ስለ ኮንዶምና ስለ ምርመራ ሰዓት ሊጽፍ አስቦ ሄደ። የጤና ጣቢያው ኮሚቴ ሊቀመንበር ግን «ኮንዶም» የሚለውን ሲሰሙ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ።

«ያንን ቃል? ልጆች በሚያልፉበት?»

«ታዲያ በምን ይጠንቀቁ ጋሼ?»

«በፍርሃት! አጽም ሳል። ቀይ ጥፍር ያላት ሴትም ከጎኑ አድርግበት።»

የኮሚቴው አባላት ሰባት ሆነው ተሰብስበው ከሰባት ጭንቅላት የወጣው ይኸው ነው። ቀይ ጥፍር! ወንድን በሽታ የማያውቀው ይመስል።

ሳለው፤ ያውም አሳምሮ፣ ልክ ከደም መመርመሪያው በር አጠገብ። ከዚያ ወዲያ በዚያ በር የገባ ሁሉ የአጽሙ ዘመድ ተባለና ማንም አልገባ አለ። ነርሷ ሥራ ፈትታ ሹራብ ትሠራ ጀመር። እነዚያ ሰባቱ ደግሞ ባዶውን አግዳሚ አይተው ተጨባበጡ! «ሥዕሉ ሠርቷል፣ በሽታው ጠፍቷል» ብለው ሪፖርት ጻፉ። እንዲህ ላሉት ነው እንግዲህ አዋቂ ናቸው እያልን ከመቀመጫችን ስንነሳ የኖርነው።

በዚያው ሰሞን የሰዓሊው ታላቅ እህት፣ ባሏን ከቀበረች ዓመት ሳይሞላት፣ መንምና ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ አልቆም አላት።

«እታለም፣ ተነሽ እንሂድ። መድኃኒት አለው እኮ» አላት።

«የት? አንተ ከሳልከው ሥር? በል ጥፍሬን ቀይ ቀባና እዚያው ለጥፈኝ!»

ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም፤ በገዛ እጁ በሩን እንደዘጋባት ያን ጊዜ ገባው።

በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ ኖራ በጥብጦ አጽሙን ከነሴትዮዋ ያለብሰው ጀመር። ሊቀመንበሩ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው እየሮጡ መጡ።

«አብደሃል? ኮሚቴው ያጸደቀው ሥዕል እኮ ነው!»

«ደግሜ እስለዋለሁ ጋሼ። ግን አይቼ የምስለው ሰው ያስፈልገኛል። እስቲ እዚህ በሩ ላይ ትንሽ ይቁሙልኝ።»

ሊቀመንበሩ በሩን አዩ፤ መንገደኛውን አዩ። ቀጠሮ አለብኝ ብለው እብስ አሉ። ጀግናው!

በአጽሙ ቦታ «ምርመራ በየቀኑ ከጠዋት ጀምሮ። ግቡ» ብሎ ጻፈ። ኖራው ሳይደርቅ እህቱን ደግፎ አመጣት። በሩ ላይ ስትደርስ ደከማትና ግድግዳውን ተደገፈች፤ ሻርፗ በኖራው ነጣ። አላራገፈችውም። ነርሷ ሹራቧን ወንበሩ ላይ ጥላ ተነሳች።

እህቱ መድኃኒቷን እየወሰደች ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ዓመት ኖረች። ኮሚቴው ሪፖርቱን አላረመም።