በጠበል የጠፋችው ፊት

ታላቅ እህቴ ሥዕሌ ላይ ጠበል ረጭታ አጠፋችብኝ። በደሉ ይኸው ነው።

ሥዕሏ የመዳፌን ግማሽ አታክልም። ድሮ አንድ ፈረንጅ በስስ የዝሆን ጥርስ ላይ የሣላት ወጣት ሴት ነበረች። ቶሮንቶ ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ የሰው ቢሮ አጸዳለሁ፤ እሁድ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ እንዲህ ያሉ ትንንሽ የአውሮፓ ሥዕሎች እለቅማለሁ። አራት ደርሰውልኝ ነበር። ከማያዙኝ ፈረንጆች ጋር የምውለው ያኔ ብቻ ነበር።

የሸጠልኝ ሽማግሌ፣ "ውሃ እንዳታስነካት፤ ቀለሟ በውሃ የተበጠበጠ ነው" ብሎኛል። ለእህቴ አልነገርኳትም። ያኔ የምኖረው ሴንት ጄምስ ታውን፣ በእሷ አፓርትመንት ውስጥ ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ሥዕሏ ጀርባዋ ተከፍቶ፣ ርሳ ጠረጴዛ ላይ ተኝታለች። ከኋላዋ የተጎነጎነ ፀጉርና የታጠፈ ወረቀት እንዳለ አውቅ ነበር።

"የሰው ፀጉር ከነክታቡ!" አለችኝ። "መተት ታቅፈህ እየተኛህ ነው ለካ ሚስት የጠፋችው!"

"እትዬ፣ መተት አይደለም።"

"እሺ ምን ይላል? አንብብልኛ!"

ማንበብ አልችልም። ገልበጥ ሳደርጋት ዓይን የለ፣ አፍ የለ፤ ሮዝ እድፍ ብቻ።

ሥዕሏንም ሌሎቹንም ሰብስቤ ወጣሁ። ዌስተን ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየሁ። ሁለት ዓመት አልተነጋገርንም። ቅዳሜ ቅዳሜ እንግሊዝኛ ማንበብ ተማርኩ፤ የአማርኛው ፊደል በኋላ ነው የመጣው። ለዕውቀት ብዬ አይደለም። ያችን ወረቀት ለማንበብ ነው።

ስችል ሥዕሏን ከነወረቀቷ ይዤ ሄድኩ። እህቴ በሩን ከፈተች። ሳልቀመጥ በአማርኛ አነበብኩላት፦

"የልጄ ፀጉር ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጌታ ወሰዳት። ፊቷን እንዳልረሳ አሣልኩት።"

እህቴ ግድግዳውን ያዘች። እሷም ስንሰደድ ልጇን ሱዳን በረሃ ቀብራለች፤ ፎቶ እንኳ የላትም። ይህን እያወቅሁ ነው ያነበብኩላት።

"ያኔ ለምን አልነገርከኝም?"

"ማንበብ አልችልም ነበራ።"

"ውሃ እንደሚያጠፋትስ? እሱንም ለመናገር ፊደል ያስፈልጋል?"

እጇን ዘረጋች፤ ፊት የሌላትን ሥዕል ከነፀጉሯ ሰጠኋት። ይቅርታ አላለችኝም፤ እኔም አላልኳትም። ብቻ ሻይ አፈላች፣ ጠጣሁ።

ነገሩ ያለቀው ያን ዕለት ነው፤ ቅዳሜ፣ በፈረንጆች ጥቅምት 18 ቀን 1997።